የተማሪ መድኃኒት በመምህር እጅ፦ መቀበል ወይስ መመለስ?

ይህ ከአንድ የውይይት ክር፣ ማለትም ለአንድ ጥያቄ በተከታታይ ከተጻፉ ምላሾች፣ የተወሰደ ነው። የመክፈቻ ጥያቄ። ጠያቂው ደንበጫ አካባቢ አንደኛ ክፍል የሚያስተምር መምህር ነው። ትምህርት ቤቱ ነርስ የለውም፤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ካለው የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን በቀር ለሕክምና የሚሆን ነገር የለም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ወላጆች መድኃኒት ልከውበታል። አንዲት እናት የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ጠርሙስ በልጇ ቦርሳ ከትታ፣ ቀትር ላይ አንድ ማንኪያ እንዲያጠጣት በልጅቱ አፍ ልካለች። አንድ አባት የአስም ፓፍ (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) ይዘው መጥተው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ እንዲቀመጥላቸው ለምነዋል። የሦስተኛው ልጅ ቤተሰቦች ልጁ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ተናግረው፣ በወደቀ ጊዜ እንዲሰጠው ሁለት ፍሬ ክኒን በወረቀት ጠቅልለው ትተዋል። ይቀበል ወይስ ይመልስ፣ ከተቀበለስ ምን ያድርግ? ያቀረበው ይህን ነው።

ምላሾቹን በተራ ቁጥራቸው እተርካለሁ፤ የተደጋገመውን ዘልያለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሦስቱ ጉዳዮች አንድ ይመስላሉ እንጂ መልሳቸው ሦስት ነው። የጭቅጭቁ ግማሽ የመጣውም ሰው አንዱን እያሰበ ስለ ሦስቱም በመጻፉ ነው።

1ኛ ምላሽ። ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ርዕሰ መምህር፣ ጠያቂውን በአክብሮት ሰላም ካለ በኋላ ሦስቱንም እንዲመልስ መክሯል። መምህር መድኃኒት እንዲሰጥ አልሠለጠነም፤ ስድሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ሰዓት ሊጠብቅ አይችልም፤ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠየቀው ብቻውን ነው። ስለዚህ ወላጅ በእረፍት ሰዓት መጥቶ ራሱ ያጠጣ የሚል ነው። ቤቱ ከአጥሩ ሥር ለሆነ የከተማ ወላጅ ይህ ይሠራል። አንድ ሰዓት ተኩል በእግሩ ለሚመጣ የገጠር ልጅ ግን መድኃኒቱ ይቅር ከማለት አይለይም።

2ኛ ምላሽ። ቡሬ አካባቢ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ነርስ በግማሽ ተስማምቶ በግማሽ ተለይቷል። ለኔ የክሩ ዋና ሐሳብ የእሱ ነው። ትምህርት ቤት ከሚመጣው መድኃኒት አብዛኛው ጭራሽ መምጣት አልነበረበትም፤ የሚመጣው መድኃኒቱ ሲታዘዝ ልጁ ተማሪ መሆኑን የጠየቀ ስለሌለ ነው። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰድ ሁሉ በቤት ያልቃል። በቀን ሦስቴ የሚወሰደውም ጠዋት ከመውጣት በፊት፣ ከትምህርት ሲመለስ፣ ማታ ሊተኛ ሲል ተብሎ ሊደለደል ይችላል። መምህሩ ጠርሙሱን ከመቀበሉ ወይም ከመመለሱ በፊት ወላጅ ወደ ሰጣቸው ባለሙያ ሄደው ሰዓቱ ይስተካከል እንደሆነ እንዲጠይቁ ማድረግ አለበት። ትምህርት ቤት ውስጥ የግድ መኖር ያለበት፣ በድንገት የሚያስፈልግና ቤት ድረስ የማይጠበቅ ነገር ነው፤ የአስም ፓፍና የስኳር ሕመምተኛ ልጅ ስኳር። እነዚህን መመለስ ራሱ አደጋ ነው።

3ኛ ምላሽ። ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት የነርሱን ሐሳብ በዝርዝር ሞልታዋለች። አሞክሲሲሊን ለሳንባ ምች በአሁኑ አሰጣጥ በቀን ሁለት ጊዜ ስለሆነ የቀትሩ ማንኪያ ምናልባት አያስፈልግም፤ በቀን ሦስቴ ከታዘዘም በፈረቃ ይደለደላል። የጠዋት ፈረቃ ልጅ 1 ሰዓት ላይ፣ ሲመለስ 7 ወይም 8 ሰዓት ላይ፣ ከዚያ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ይወስዳል። የከሰዓት ፈረቃ ልጅ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ከቤት ሲወጣ 6 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት ይወስዳል። ችግሩ የሚመጣው ሕክምናው ሳያልቅ ፈረቃ ሲቀየር ነው፤ እናት የለመደችውን ሰዓት ትይዝና አንዱ መጠን ይዘለላል። በየስድስት ሰዓቱ የሚሰጥ እንደ ክሎክሳሲሊን ያለው ደግሞ አይደለደልም፤ በባዶ ሆድም ስለሚወሰድ ከምሳ ጋር ይጋጫል። እዚያ ላይ ለተማሪ የሚመች ሌላ አማራጭ ይኖር እንደሆነ ሐኪሙ መጠየቅ አለበት።

ስለ ሽሮፑም አክላለች። በዱቄት የሚሸጠው ሽሮፕ የሚበጠበጠው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ነው። መጀመሪያ ጠርሙሱን መታ መታ አድርጎ ዱቄቱን ማላላት፣ ውኃውን በግማሽ ጨምሮ መነቅነቅ፣ ከዚያ አረፋው ሲወርድ እስከ መስመሩ መሙላት። አንዴ መስመሩ ድረስ ከሞሉት ከሥር የተጋገረው ዱቄት አይሟሟም፤ የመጀመሪያዎቹ ማንኪያዎች ቀጭን፣ የመጨረሻዎቹ ከመጠን በላይ ይሆናሉ። ከተበጠበጠ በኋላ ያለ ማቀዝቀዣ የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ሰባት ቀን ነው፤ አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር የተቀላቀለው ግን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ስለዚህ ጠርሙስ በቦርሳ ሲንገላታና ፀሐይ ላይ ሲውል መሰበሩ ብቻ ሳይሆን መበላሸቱም አለ። ውኃ ውስጥ የሚሟሟው 250 ሚሊግራም አሞክሲሲሊን ክኒን ካለ እሱን ቢጠይቁ ይሻላል፤ አይፈስስም፣ ማቀዝቀዣም አይፈልግም።

4ኛ ምላሽ። አንድ ወላጅ ወረቀታቸው ላይ በየ 8 ሰዓቱ ስለተባለ ልጃቸው 8 ሰዓት ላይ እንደሚወስድ፣ ያ ደግሞ ክፍል ውስጥ ስለሚሆን መምህሩ ከመስጠት ሌላ አማራጭ እንደሌለው ጽፈዋል። በቅን ልቦና የተጻፈ ነው፤ ስህተቱ ግን ከባድ ነው። የሰዓት ልዩነቱ ቁጥር እንጂ ሰዓቱ ራሱ አይደለም፤ ልጃቸው በቀን ሦስቴ የሚገባውን አንዴ ብቻ እየወሰደ ነበር ማለት ነው።

5ኛ ምላሽ። ፋርማሲስቷ ተመልሳ፣ እኒህን ወላጅ ጋሼ ብላ በትሕትና፣ ይህንኑ አስረድታለች። በውጭ አቆጣጠር 8፡00 ተብሎ የተጻፈ ትእዛዝ ጠዋት ከሆነ በኛ 2 ሰዓት ነው። ፖስታ ላይ 1×3 ተብሎ የሚጻፈውንም ሦስት ፍሬ በአንዴ አድርገው የሚያነቡ አሉ። ስለዚህ ወላጅ ከመድኃኒት ቤት ሳይወጡ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ተብሎ፣ ከጎኑም ስንት ፍሬ ወይም ስንት ሚሊሊትር ተብሎ በአማርኛ እንዲጻፍላቸው ይጠይቁ። ወላጅ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ፀሐይና ጨረቃ መሣል ይበቃል።

ለወባ የሚሰጠውን ኳርተምንም አንሥታለች፤ በፍኖተ ሰላምና በጃቢ ጠህናን ቆላ ላሉ ትምህርት ቤቶች ይህ ቅርብ ነው። ስድስት መጠን በሦስት ቀን ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ቀሪዎቹ አራቱ በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት በየ 12 ሰዓቱ። ጤና ጣቢያ 3 ሰዓት ላይ የጀመረ ልጅ ሁለተኛውን 11 ሰዓት ይወስዳል፤ ቀሪው ጠዋትና ማታ ስለሆነ ትምህርት ቤት አያስፈልግም። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን በደንብ ይመጠጣል፤ በጾም ቀን ዘይት የገባበት ሽሮ ይሆናል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስታወከው መጠኑ ይደገማል፤ ግን ማሸጊያው ስለሚጎድል ጤና ጣቢያ ሄዶ የጎደለውን መተካት ያስፈልጋል። ከማሸጊያው መጨረሻ ቀንሶ መተው ወባው እንዲያገረሽ ማድረግ ነው።

6ኛ ምላሽ። አንድ መምህር፣ ማንኪያ ማንኪያ ነው፣ ከሻይ ቤቱ ተውሶ ማጠጣት ይቻላል ብሎ ነገሩን አቅልሎታል።

7ኛ ምላሽ። እዚህ ላይ ድምፁ ጠንከር ብሏል። ነርሱ ይህን ምክር ሰው ሳይከተለው እንዲያጠፋው ጠይቆ ምክንያቱን ዘርዝሯል። ለመድኃኒት የሻይ ማንኪያ ሲባል 5 ሚሊሊትር ነው፤ የቤት ማንኪያ ግን ከዚያ ያነሰም የበለጠም ይይዛል። የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊሊትር ስለሆነ ሁለቱን ያምታታ ሰው ሦስት እጥፍ ሰጠ ማለት ነው። መለኪያው ከጠርሙሱ ጋር የመጣው ኩባያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ መሆን አለበት፤ ሲሪንጁም ጉንጭ ውስጥ በጎን በኩል ቀስ ተብሎ ይገፋል፤ ወደ ጉሮሮ በቀጥታ ከተገፋ ትን ይላል።

ፓራሲታሞልን ለአብነት አምጥቷል። መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም። ገበያ ላይ በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 120 ወይም 125 ሚሊግራም የያዘ አለ፣ 250 የያዘም አለ። ሚሊሊትር ብቻ አይቶ የሰጠ ሰው እጥፍ ሊሰጥ ይችላል። በሁለት መጠን መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት መኖር አለበት፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ አይበልጥም። እናት ጠዋት ሰጥታ መላኳን ሳይጠይቅ ከሳጥኑ አውጥቶ የሚሰጥ መምህር ነው ስህተት ውስጥ የሚገባው። ትኩሳት ያለበት ልጅ ደግሞ ወባ አካባቢ ከሆነ ፓራሲታሞል ወስዶ ክፍል መቀመጥ ሳይሆን ደም መመርመር ነው ያለበት።

8ኛ ምላሽ። ከሞጣ የጻፈች የጤና መኮንን ወደ አስሙ ተመልሳለች። መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ የሚለውን አጥብቃ ተቃውማለች። ቁልፉን የያዘው ሰው ወረዳ ስብሰባ ሄዶ እያለ ልጅ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ሌላው መድኃኒት ሁሉ ይቆለፋል፤ ፓፉ ግን ልጁ ባለበት ክፍል፣ ትንንሾቹ በማይደርሱበት፣ አዋቂ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ስፖርት ሲወጡ አብሮ ይወጣል። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል የደረሰ፣ አጠቃቀሙን ያሳየ ልጅ ራሱ ኪሱ ቢይዘው ይመረጣል።

አሰጣጡን ደረጃ በደረጃ ጽፋለች። ልጁ ይቀመጥ፣ አይተኛ። የፓፉን ክዳን መክፈት፣ የፓፉ አፍ ውስጥ ቆሻሻ አለመግባቱን ማየት፣ በደንብ መነቅነቅ። አዲስ ከሆነ ወይም ብዙ ቀን ካልተነካ ሁለት ሦስቴ ወደ አየር መንፋት። ከዚያ አንድ ፓፍ መርጨትና በማጠራቀሚያው (በፓፉና በልጁ አፍ መካከል በሚገባው ባዶ ዕቃ) ውስጥ አራት ጊዜ ማስተንፈስ፤ እንደገና ነቅንቆ ሁለተኛውን፣ እንዲህ እያሉ እስከ አራት። አራት ደቂቃ ጠብቆ ካልተሻለው ሌላ አራት ፓፍ፤ አሁንም ካልተሻለ እየሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ። ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ የጎድን አጥንቱ መሃል ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ አራት ደቂቃው አይጠበቅም፤ ወዲያው አምቡላንስ ይጠራል፣ ፓፉም አይቋረጥም። ሰው የሚሳሳተው ሁለት ሦስት ፓፍ በአንዴ ተኩሶ ነው፤ መድኃኒቱ እርስ በርሱ ተጣብቆ ዕቃው ግድግዳ ላይ ይቀራል።

9ኛ ምላሽ። ማጠራቀሚያ ያለው ማን ነው ብሎ ለጠየቀ ሰው አንድ ነርስ ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ እንዴት እንደሚሠራ አስረድቷል። በክሩ ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል፤ በደቡብ አፍሪካ በሕፃናት ላይ ተሞክሮ ከተገዛው ያልተናነሰ ሆኖ የተገኘ አሠራር ነው። የሃይላንዱ አፍ የልጁ ከንፈር የሚይዘው ይሆናል። ሽቦ በፓፉ አፍ ቅርጽ ልክ ይጠመዘዛል፣ እሳት ላይ ይግላል፣ የሃይላንዱ ቂጥ መሃል ላይ ተጭኖ ቀዳዳ ያወጣል። ፓፉ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ግጥም ብሎ መግባት አለበት። በመቀስ የተቀደደ ቀዳዳ ስለሚያፈስ አይሆንም፤ ክፍተት ካለ በፕላስተር ይዘጋል። ሹል ጠርዙ ይለሰልስ። ከመጠቀም በፊት ዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በገባበት ውኃ ታጥቦ፣ በጨርቅ ሳይጠረግ፣ በአየር ይደርቃል፤ በጨርቅ ሲታሽ ፕላስቲኩ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚይዝ መድኃኒቱን ይስባል።

10ኛ ምላሽ። አንድ ሰው ፓፉ ማለቁን ለማወቅ ጣሳውን ውኃ ላይ ማንሳፈፍ ነው ብሏል። 8ኛዋ ወዲያው አርማዋለች፦ ማንሳፈፍ አያሳይም፣ ጣሳውንም ያበላሻል። አብዛኛው የሳልቡታሞል (የአስሙ መድኃኒት) ጣሳ 200 ፓፍ ይይዛል፤ ቆጣሪ ከሌለው የተሰጠው እየተጻፈ መቆጠር አለበት። ለልጁ ከፓፉ በፊት የሚቀድምም አለ፦ ሰሌዳ ሲጠረግ ፊት ወንበር አለማስቀመጥ፣ ክፍሉ ሲጠረግ ውኃ መርጨት፣ የጠመኔ ብናኝ መስኮት ላይ አለማራገፍ።

11ኛ ምላሽ። የሚጥል በሽታው ጉዳይ ገና ከዚህ ነው የተነሣው፤ ቀድሞ መምጣት ነበረበት። የጻፈው ደብረ ማርቆስ ያለ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው፣ ቋንቋውም ጠንካራ ነው። እነዚያ ሁለት ፍሬ ክኒኖች ዛሬውኑ ይመለሱ ብሏል። ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ ላለ ልጅ፣ ወይም ደንዝዞ ገና ላልነቃ፣ በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ክኒንም ሆነ ውኃ ሳንባው ይገባል። ደግሞም ለዚህ በሽታ የሚሰጡት የፌኖባርቢታልም ሆነ የካርባማዜፒን ክኒኖች የጀመረውን መጣል አያስቆሙም፤ ሥራቸው በየቀኑ ተወስደው እንዳይጥለው ማድረግ ነው። ፌኖባርቢታል ማታ አንዴ፣ ካርባማዜፒን ጠዋትና ማታ ስለሆነ ትምህርት ቤት መምጣት የለባቸውም። ቤተሰቡ ክኒን ለመጠባበቂያ ካስቀመጠ፣ ልጁ በየቀኑ በትክክል እየወሰደ መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል።

መምህሩ ማድረግ ያለበትን ግልጽ አድርጎታል። ሰዓት ማየት፤ ከድንጋይና ከወንበር ጠርዝ ማራቅ፤ ከራሱ ሥር ሹራብ ማድረግ፤ የአንገት ቁልፍ መፍታት፤ መንቀጥቀጡ ሲቀንስ በጎኑ ማስተኛት። እጅ እግሩን መያዝ የለም፤ ጥርሱ መካከል ማንኪያ ወይም እንጨት ማስገባት የለም። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም የለም፤ ጭሱ አያስነሣውም፣ ፊቱ ግን ይቃጠላል። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው አምቡላንስ። ምራቁን መንካት በሽታውን አያስተላልፍም፤ ይህን ተማሪዎቹ ሁሉ አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል፤ ልጁን ሸሽተው የሚበተኑት በዚህ ምክንያት ነውና።

12ኛ ምላሽ። ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ስቷል። አንድ እናት የሚጥል በሽታ የክኒን ሳይሆን የጸበል መሆኑን፣ ልጁ ክኒኑን ትቶ ሱባኤ እንዲገባ ጽፈዋል።

13ኛ ምላሽ። በጤና ሙያም በዲቁናም የሚያገለግል አንድ ሰው እናቴ እያለ መልሶላቸዋል። ጸበሉን አልነካባቸውም። ግን ክኒኑን በድንገት ማቆም ልጁን ሳያቋርጥ እንዲጥለው ሊያደርግና ሊገድለው እንደሚችል ሳያለሳልስ ነግሯቸዋል። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንዲወሰዱ ማስተማራቸውንም አስታውሷል። ጸበል በባዶ ሆድ ጠዋት ከተጠጣ በኋላ ክኒኑን መዋጥ ይቻላል። እናትየዋ አመስግነው ወጥተዋል።

14ኛ ምላሽ። ኤችአይቪ ሲነሣ አንድ መምህር፣ ታዲያ ወላጆች ልጃቸው የሚወስደውን ሁሉ ለትምህርት ቤት ማሳወቅ አለባቸው ብሏል። የቡሬው ነርስ አላሳለፈውም። በቀን አንዴ ቤት የሚወሰድ መድኃኒት ለመምህር የሚነገርበት ምክንያት የለም፤ የሚነገረው ትምህርት ቤቱ ሊሠራው የሚገባ ነገር ካለ ብቻ ነው። የተነገረውም ክፍል ፊት አይነበብም፣ በወተመህ (ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ስብሰባ ላይ አይወጣም። በሙሉ ልቤ የምስማማበት ነው፤ ልጅ በመድኃኒቱ ስም መጠራት የጀመረ ቀን መድኃኒቱን መደበቅ ይጀምራል።

15ኛ ምላሽ። ስኳር ያለበት ልጅ ለያዘ መምህር የጤና መኮንኗ ምክንያቱን አስቀድማ ጽፋለች። ጠዋት 1 ሰዓት የተወጋ ለመካከለኛ ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን (ኤንፒኤች) የሚበረታው ከተወጋ አራት ሰዓት ካለፈ ጀምሮ ነው፤ ያ ደግሞ የእረፍትና የስፖርት ሰዓት ነው። ልጁ ቁርስ ሳይበላ ከመጣ፣ ወይም ኳስ ሲያሯሯጥ ቆሎውን ሳይበላ ካለፈ፣ ስኳሩ ይወርዳል። ምልክቱ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ቁጣ ወይም ክፍል ውስጥ ማፍጠጥ ነው፤ ብዙ መምህር ስንፍና ወይም ብልግና ይመስለዋል። ወዲያው ስኳር ይሰጠዋል፦ ለ30 ኪሎ ልጅ ከ2 እስከ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በትንሽ ውኃ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገማል፤ ሲሻለው ዳቦ ወይም እንጀራ ይበላል። ብቻውን ወደ ቤት አይሰደድም። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አይፈስስም፤ በጎኑ አስተኝቶ መሮጥ ነው።

16ኛ ምላሽ። ታዲያ በጾም እንዴት ይሆናል ብሎ የጠየቀ ነበር። ዲያቆኑ አጭር መልስ ሰጥቷል፦ የታመመ ልጅ የንስሐ አባቱ ስለሚያውቁት አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ረቡዕና ዓርብ ሳይበላ እስከ 9 ሰዓት አይቆይም። መምህሩ ደግሞ ልጁ በክፍል ውስጥ ሲበላ ሌሎቹ እንዳይስቁበት ይጠብቀው።

17ኛ ምላሽ። በዘመቻ ስለሚሰጠው የአንጀት ትላትልና የቢልሃርዝያ መድኃኒት የጠየቀ መምህር ነበር፤ ከጣና ዙሪያ ነው የጻፈው። ከርዕሱ ትንሽ ቢወጣም ተገቢ ነው። የጤና ባለሙያዎች በቁመት መለኪያ ነው የሚሰጡት፤ የቢልሃርዝያው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል አንዱ ፍሬ 600 ሚሊግራም ሲሆን ከ94 ሴንቲሜትር በታች ለሆነ ልጅ በዘመቻው አይሰጥም፤ ከ110 እስከ 125 ሴንቲሜትር ለሆነው አንድ ተኩል ፍሬ ነው። መራራ ስለሆነ በውኃ ይዋጣል፤ በባዶ ሆድ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስታውካል፤ በጾም ሰሞን ዘመቻው የሚከሽፈው በዚህ ነው። የአንጀት ትላትሉ አልቤንዳዞል 400 ሚሊግራም ግን ይታኘካል፤ ለትንንሾቹ ተፈጭቶ በውኃ ይሰጣል። የሚያለቅስን ልጅ አፍንጫውን ይዞ ማስዋጥ ትን አስብሎ የሚገድል ነገር ነው፤ የዚያ ቀን ቢቀርበት ይሻላል። የመምህሩ ድርሻ ዝርዝር መያዝ፣ የታመመውንና የሚጥል በሽታ ያለበትን አስቀድሞ ለባለሙያው መንገር፣ ንጹሕ ውኃና ኩባያ ማዘጋጀት ነው። አንድ ሽማግሌ ኮሶና እንቆቆ ይሻል ነበር ብለው ነበር፤ መጠኑ የማይለካ መሆኑ ተነግሯቸው ነገሩ እዚያው ቆሟል።

18ኛ ምላሽ። አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት የምትሠራ አንዲት አስተባባሪ ሕጋቸውን ዘርዝራለች፦ ማንኛውም መድኃኒት በፋብሪካ ማሸጊያው ካልመጣ አይገባም።

19ኛ ምላሽ። ፋርማሲስቷ ትንሽ ተቆጥታ ነው የመለሰችው። ጤና ጣቢያ ክኒን ከትልቅ ቆርቆሮ ተቆጥሮ በፖስታ ነው የሚሰጠው፤ የፋብሪካ ማሸጊያ የሚባል የገጠር ወላጅ ከየት ያምጣ? መጠየቅ ያለበት ፖስታው ላይ የልጁ ስም እስከ አያት፣ የመድኃኒቱ ስምና ሚሊግራም፣ መጠኑ፣ የተሰጠበት ቀንና የሚያበቃበት መጻፉ ነው። በወረቀት የተጠቀለለ ስም የለሽ ክኒን ግን ከማንም አይወሰድም። ሁለቱም እዚህ ላይ ተስማምተዋል።

20ኛ ምላሽ። የቡሬው ነርስ ለጠያቂው አንድ ገጽ ቅጽ አቅርቧል። ወላጅ በአካል መጥተው ይፈርማሉ፤ ማንበብ ካልቻሉ ሌላ ሰው ባለበት ተነቦላቸው በጣት ይፈርማሉ። ስም እስከ አያት ከነክፍሉ ይጻፋል፤ በአንድ ክፍል ሁለት ልጅ በራሱም በአባቱም ስም መመሳሰሉ ብርቅ አይደለም። ክብደት፣ አለርጂ፣ ምክንያት፣ መጠን፣ ሰዓት በኛ አቆጣጠር፣ የመጨረሻ ቀን፣ ሁለት ስልክ፣ የጤና ጣቢያው ስልክ። ርዕሰ መምህሩ ሁለት ሰው በስም ይመድባል፤ አንዱ ሲቀር ሌላው አለ። በሚሰጥበት ጊዜ ልጁ ራሱ ስሙን እንዲናገር መጠየቅ ነው፤ አንተ እገሌ ነህ ሲባል አዎ የሚል ልጅ ብዙ ነው። መድኃኒት፣ መጠን፣ ሰዓትና መንገድ ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራሉ፤ ከተዋጠ በኋላ ወዲያው መዝገቡ ላይ ሰዓቱ ተጽፎ ይፈረማል፤ አስቀድሞ አይፈረምም። እምቢ ካለ አይገደድም፣ ከረሜላ ነው ተብሎም አይታለልም፤ ለወላጅ ይደወላል። ትፍት ካደረገ ወይም ካስታወከ በግምት አይደገምም። በስህተት ለሌላ ልጅ የተሰጠ ከሆነ አያስታውኩት፤ ፖስታውን ይዘው ወዲያው ይደውሉ፣ የሁለቱም ልጆች ወላጆች ይነገራቸው።

21ኛ ምላሽ። የመጀመሪያው ርዕሰ መምህር ተመልሶ፣ ወረቀት በዝቶ ኃላፊነት አይቀንስም ብሎ ተሟግቷል። አንድ መምህር በሰላ ቃል መልሶለታል፦ ፓፍ ከልክሎ ልጅ ቢሞት ያለ ወረቀት የሚጠየቀውም ያው ርዕሰ መምህር ነው። ንግግሩ ሸካራ ቢሆንም ነገሩ እውነት ነው። ርዕሰ መምህሩ አልተቆጣም፤ ቅጹን ወተመህ ላይ አቅርቦ ለማጸደቅ ጠይቆ ወስዶታል።

22ኛ ምላሽ። ጠያቂው ሽሮፑን ወደ ጤና ጣቢያ ሰዓት እንዲስተካከል እንደላከ፣ ክኒኖቹን እንደመለሰ፣ ፓፉን እንደተቀበለ ጽፎ የቀረው ጥያቄ ሰኔ ላይ ምን ይደረጋል የሚል ነበር።

23ኛ ምላሽ። ፋርማሲስቷ መልሳለች። ትምህርት ሲዘጋ የቀረው ሁሉ ተቆጥሮ በፊርማ ለወላጅ ይመለሳል፤ ቀኑ ያለፈበት ሽንት ቤት ወይም ሜዳ ላይ ሳይጣል ለጤና ጣቢያ ይሰጣል። መስከረም ላይ አሮጌው ወረቀት አይሠራም፤ ልጁ ክረምቱን ኪሎ ጨምሯልና እንደገና ይመዘን፣ መጠኑም እንደገና ይጻፍ።